ለቤንች ፕሬስ የገዛሁት ጥንድ ላስቲክ፦ መጀመሪያ ፍጥነት፣ ከዚያ ብዛት

ስለ አንድ ጥንድ የላቴክስ ላስቲክ ልጻፍ። ክብ ናቸው፤ ርዝመታቸው 104 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋታቸው 13 ሚሊ ሜትር። ከዚህ ዓይነት ላስቲክ ከቀጫጭኖቹ አንዱ ነው። የገዛኋቸው ለቤንች ፕሬስ ብቻ ነው፤ አግዳሚ ላይ ተኝቶ ክብደት የተጫነበትን የብረት ዘንግ (ባሩን) ከደረት ወደ ላይ ለመግፋት። ባሩ ሁልጊዜ መሃል መንገድ ላይ ይይዘኛል። ስለዚህ ከሳምንቱ ሁለት የቤንች ቀኖች አንዱን ከከባድ ክብደት አሳርፌ ለፍጥነትና ለብዙ ድግግሞሽ ሰጠሁት። አሁን ያን ቀን ያለ ላስቲክ መሥራት አልፈልግም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በቀላል ክብደት በፍጥነት ስትገፉ፣ እጃችሁ ሊዘረጋ ሲል ሰውነት ራሱ ፍሬን ይይዛል። ባሩ መጨረሻ ላይ መቆም አለበታ! ስለዚህ ፍጥነት ለመለማመድ የተኛ ሰው የግፊቱን የላይኛ ክፍል ባሩን በማቆም ይጨርሰዋል። ላስቲክ ሲኖር ግን ባሩ ከፍ ባለ ቁጥር ይከብዳል። እስከ መጨረሻው ካልገፋችሁ እጃችሁ አይዘረጋም። ልዩነቱ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ይሰማል።

አሠራሩን በሰፊው ያስተዋወቀው ዌስትሳይድ ባርቤል የተባለው ጂም መሥራች፣ አሜሪካዊው ሉዊ ሲመንስ ነው። 8 ወይም 9 ዙር፣ በየዙሩ 3 ድግግሞሽ፣ በመሃል ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ እረፍት። እኔም እንደዚያው ነው የምሠራው። አንድ ጊዜ ብቻ የማነሳው ከፍተኛ ክብደት 100 ኪሎ ነው፤ በፍጥነት ቀን ባሩ ላይ የማደርገው 45 ነው። ባሩ መዘግየት ከጀመረ አቆማለሁ። ቀርፋፋ ዙር መጨመር ለዚህ ቀን ምንም አይጠቅምም።

አገጣጠሙ ላይ ትንሽ ልቆይ። በግራና በቀኝ ወለሉ ላይ ከባድ፣ የማይንከባለል ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ ክብደት) ይቀመጣል። ላስቲኩ በእጀታው ሥር ያልፍና ሁለቱ ጫፎቹ ባሩ ላይ ይገባሉ። ዳምቤሉ ቀላል ከሆነ ይነሳል፤ ያ አደገኛ ነው። የዲስክ መቆለፊያም ግድ ነው። ደግሞ ላስቲኩ ባሩን ወደ ደረት ይስበዋል፣ ስለዚህ አወራረዱን መቆጣጠር ያስፈልጋል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ባትሞክሩት እመርጣለሁ።

ቅሬታዬ እሽጉ ላይ ነው። የጻፉት የኪሎ መጠን ሰፊ ከመሆኑ የተነሳ ለሥራ አይሆንም፤ ምን ያህል ሲለጠጥ እንደሆነም አይናገርም። በሻንጣ ሚዛን ራሴ ለካሁት። በእኔ ቁመትና አግዳሚ፣ ባሩ ደረት ላይ ሲሆን በየጎኑ 6 ኪሎ አካባቢ፣ እጅ ሲዘረጋ 15 አካባቢ ይጨምራል። ማለትም 45ቱ እጅ ሲዘረጋ 75 ይሆናል። ይህን ሳያውቁ ወፍራሙን ላስቲክ የሚገዙ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ወፍራሙ የፍጥነት ቀኑን ከባድ ቀን ያደርገዋል።

ፍጥነቱ ብቻውን ጡንቻ አያሳድግም። ሦስት ድግግሞሽ በቀላል ክብደት ጡንቻን ወደ ድካም አያደርሰውም። ብዛቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቀላል ክብደትም ቢሆን እስኪያቅት ድረስ ተጠግቶ ከተሠራ ጡንቻ እንደሚያሳድግ በጥናት ታይቷል። ስለዚህ ባሩን ከመለስኩ በኋላ ዳምቤል ፕሬስ ከ15 እስከ 20 እየደጋገምኩ እሠራለሁ። ከዚያ ያንኑ ላስቲክ ፑልአፕ ባር ላይ ሰቅዬ፣ ለትራይሴፕስ (ከክርን በላይ ላለው የክንድ የኋላ ጡንቻ) እስከ 30 ጊዜ ወደ ታች እገፋለሁ። ክርኔ በከባድ የትራይሴፕስ ሥራ ይቆጣል፤ በላስቲክ ግን ዝም ይላል። ይህ ብቻውን ዋጋውን መልሶልኛል። ቅደም ተከተሉን ግን አትገልብጡት። ትራይሴፕሱ ከደከመ በኋላ ፍጥነት የሚባል ነገር የለም።

ጥራቱ ጥሩ ነው። የባሩ ሻካራ ቦታ ግን ይፍቀዋል፤ ለስላሳው ክፍል ላይ አድርጉት። ፀሐይ ላይም አትተዉት። ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ለጠጥ አድርጌ ስንጥቅ እፈልጋለሁ፤ ትንሽም ካየሁ እጥለዋለሁ።

ከ5 4 እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት በኪሎ ጽሑፉ ነው። ገና ባዶ ባር ላይ ያላችሁ ግን ለጊዜው ተዉት። አንድ ጊዜ የምታነሱትን ከፍተኛ ክብደት በእርግጠኝነት ስታውቁ ግዙት፤ የፍጥነት ቀኑን ክብደት ለማስላት መነሻ የሚሆነው እሱ ነውና።