ኮቦኮሌክት ለአእምሮ ጤና መጠይቅ፦ ለሰሜን ሸዋ ያዋጣል?

ኮቦኮሌክት መጠይቅ በስልክ የሚሞላበት መተግበሪያ ነው፤ ለገጠር ቀበሌ ዳሰሳ ከወረቀት ይሻላል። በነጻ ይጫናል፣ በአንድሮይድ ስልክ ይሠራል፣ ኔትወርክ በሌለበት የመንዝ መንደር ሲሞላ የዋለውን ማታ ከተማ ሲገባ ይልካል። የቀን ጥያቄ ላይ፣ ፎርሙ በሚነደፍበት ሠንጠረዥ አፒራንስ (አቀራረብ) በሚባለው ዓምድ የኢትዮጵያን ካላንደር ማዘዝም ይቻላል፤ መረጃ ሰብሳቢው መስከረም፣ ጥቅምት እያለ ይሞላል፣ በሚወርደው ኤክሴል ላይ የሚቀመጠው ግን በፈረንጅ ቀን ነው። ይህን ያልተነገረው ሰው ዕድሜ ሲያሰላ ሰባት ስምንት ዓመት ይስታል።

ትልቁ ስሕተት ድምር ላይ ነው። የድብርት መለኪያው ፒኤችኪው-9 ስላለፉት ሁለት ሳምንታት የሚጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄ አለው፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይመዘናል፣ ድምሩ ከ27 አያልፍም። ብዙዎች ግን ከወረቀቱ ዘመን በቀረ ልማድ «መመለስ አልፈልግም» ለሚለው 99 ኮድ ይሰጡና ድምሩን ለፎርሙ ይተዉታል። ስምንቱን «በጭራሽ» (0) ብሎ አንዱን ያልመለሰ ሰው 99 ነጥብ ይዞ ቁጭ ይላል። መፍትሔው 99ን ከድምሩ የሚያስወጣ ሁኔታ መጻፍ፣ ከጎኑም ስንት ጥያቄ እንዳልተመለሰ የሚቆጥር መስመር መጨመር ነው። ያልተመለሰውን ዝም ብሎ 0 ማድረግ የባሰ ነው፤ ዝምታውን ጤና አድርጎ ይቆጥረዋል።

ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብና ራስን ስለ መጉዳት ነው። መልሱ 1 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ማስታወሻ እንዲወጣ ማዘዝ ይቻላል፣ በደንብም ይሠራል። ማስታወሻው ግን ሰው አይጠራም። የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚቀበል፣ ለማን እንደሚደወል ፊልድ ሳይወጣ ያለቀ መሆን አለበት። ጽሑፉም በቀይና በትልቅ ፊደል አይሁን፤ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ምራቲቱ ከጎን ተቀምጣ ታነባለች። በዚሁ ምክንያት የጂፒኤስ ጥያቄውን ማውጣት ይበጃል፤ የቤቱ ነጥብ ከተመዘገበ ስም አለመጻፉ ብዙም አያድንም።

አማርኛውን መተግበሪያው ይቀበላል እንጂ አያርምም። «አንተ/አንቺ» እያሉ በእዝባር መጻፍ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ያደናቅፋል፤ «እርስዎ» ጾታውንም አክብሮቱንም አንድ ላይ ይፈታል። የፒኤችኪው-9 የምግብ ፍላጎት ጥያቄ የሚጠይቅባቸው ሁለት ሳምንታት በዐቢይ ጾም ላይ ከወደቁ መልሱ ስለ ጾሙ ይሆናል። የጥያቄውን ቃል ሳይነኩ፣ ከጥያቄው ሥር በሚወጣው የማብራሪያ (ሂንት) መስመር ላይ «ጾሙን ሳይቆጥሩ፣ ማዕድ ቀርቦ ሳለ ምግብ ያስጠላዎት» የሚል ማስገባት ይረዳል። ሃያ ጥያቄ ያለው የአእምሮ ጭንቀት መለኪያ ኤስአርኪው-20 አብሮ ካለ ደግሞ የሚጠይቀው ስላለፉት 30 ቀናት ነውና፣ በሁለቱ መካከል የጊዜውን ለውጥ የሚናገር ገጽ ያስፈልጋል። አለዚያ ተጠያቂው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ልክ ይመልሳል።

አማራጮችን በአንድ መስመር የሚያሰልፈው አቀራረብ ለአማርኛ አይመችም፤ «ከግማሽ በላይ ለሆኑ ቀናት» የሚለው በትንሽ ስክሪን ተሰባብሮ ከጎረቤቱ ይጋጫል። ወደ ታች መደርደሩ ይሻላል።

እርዳታ የት እንደፈለጉ ሲጠየቅ ጸበል ከአማራጮቹ ከጎደለ፣ ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ ባሉበት ዞን «ሌላ» የሚለው ሳጥን ይሞላል። ጥያቄው ብዙ መልስ የሚቀበል ይሁን፤ ጸበልም ሆስፒታልም የሚሄደው ሰው ያው አንዱ ነው። ወደ ቆላው ሲወረድ የኦሮምኛ ዓምድ መጨመር ቀላል ነው፣ ፎርሙ ከአንድ በላይ ቋንቋ ይይዛል፤ ትርጉሙን መልሶ ማስተርጎም ግን የጥናቱ ባለቤት ሥራ ነው።

መረጃው ሲወርድ ኤክስኤልኤስ መምረጥ ነው። ሲኤስቪ የሚባለው ዓይነት ፋይል በኤክሴል በቀጥታ ሲከፈት ፊደሉ ሊበላሽ ይችላል። ከናሙናው 5 በመቶ ያህል በሌላ ቀበሌ ሳይሞከር ደግሞ ኮድ አይጽና፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላ የአማራጭ ኮድ የቀየረ ሰው የትናንቱንና የዛሬውን መልስ በእጁ ሲያዛምድ ይከርማል።