ሐይቅ ላይ በጀልባ መዋል ለምትፈልጉ፦ ሰማያዊ ሸራ ያላትን ጀልባ ጠይቁ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ሎጎ ሐይቅ ላይ በጀልባ እንግዳ የሚያንሸራሽሩ አባት ናቸው። ስሜ አይጻፍ ስላሉኝ አልጽፍም። እኛም ቀኑን ሙሉ ጋሼ ስንላቸው ነው የዋልነው፤ እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ። ወሎ ውስጥ ቤተሰብ ይዞ፣ በተለይ አዛውንትና ሕፃን ይዞ ውሃ ላይ መዋል የሚፈልግ ሰው ካለ ሳላመነታ ወደ እሳቸው ነው የምልከው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ቁጥራቸውን የሰጠችን ደሴ ያለች የጎረቤታችን ልጅ ናት። በዋዜማው ማታ ደወልንላቸው። እኔ ዋጋ ይነግሩኛል ብዬ ስጠብቅ እሳቸው ይጠይቁኝ ጀመር። "ስንት ናችሁ? ሕፃን አለ? በዕድሜ የገፋ ሰውስ? ዋና የሚችለው ማነው?" ሁሉንም መለስኩ። እናቴ እንዳለች ስነግራቸው "ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ሊሳለሙ ነው የሚመጡት?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። "እንግዲያው ዛሬውኑ ንገሪያቸው። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አይገባም። እዚያ ደርሰው ከሚያዝኑ አሁን ይወቁት። እኔ በውሃው በኩል አዙሬ አሳልማቸዋለሁ" አሉ። ዋጋውን የተናገሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በማግሥቱም ከተናገሩት ላይ አንድ ብር አልጨመሩም።

ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ። በጊዜ ከተነሳችሁ ቁርስ ሐይቅ ላይ ትበላላችሁ። እኛም እንዲያ አደረግን። ውሃው ዳር ስንደርስ ጋሼ ጀልባዋን ጠርገው፣ ሸራዋን ወጥረው፣ ላይፍ ጃኬቶቹን በየመቀመጫው ዘርግተው ጠበቁን።

ጃኬቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሌላ ሐይቅ ላይ፣ ቦታውን አልጠቅስም፣ ጃኬት የሚባል ነገር ሳይኖር ሰው ላይ ሰው ጭነው ሲወስዱን ልቤ እጄ ላይ ሆኖ አውቃለሁ። ጋሼ ግን ጃኬት አድለው ዝም አላሉም። የእያንዳንዳችንን ማሰሪያ ራሳቸው አጠበቁ። የእህቴን ልጅ ካለበሱት በኋላ ጃኬቱን ከትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ሳብ አደረጉት። ጃኬቱ እስከ ጆሮው ወጣ። "ይሄ ለሱ አይሆንም። ውሃ ቢገባ ጃኬቱ ወደ ላይ፣ ልጁ ወደ ታች ነው የሚሄዱት" ብለው ሌላ ትንሽ አመጡ። እሱንም ሳብ አድርገው ሞከሩት። ንቅንቅ አላለም። እህቴ ያን ስታይ ነው እፎይ ያለችው። ልጅ ይዛችሁ የትኛውም ጀልባ ላይ ስትወጡ ይህን ሞክሩ።

ልንነሳ ስንል ሁለት ወጣቶች መጥተው "ጋሼ፣ እኛንም ጨምሩን፣ እንከፍላለን" አሏቸው። ቦታ ያለ ይመስል ነበር። "ዛሬ ጀልባዋ ሞልታለች። ለናንተ ሌላ ሰው ልጥራላችሁ" አሉና ለባልደረባቸው ደወሉ። ብሩን ሳይሆን ክብደቱን ነበር የሚያስቡት።

ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ይላል። ከ1,900 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ፀሐዩ ግን ያቃጥላል። ኮፍያ ያዙ። ጋሼ ሞተሩን ቀስ አድርገው እየነዱ ያወሩናል። ጥልቀቱ መሀል ላይ ከ80 ሜትር እንደሚበልጥ ነገሩን። እናቴ ይህን ስትሰማ የጀልባዋን ጠርዝ ጨበጠች። "አብሽሪ እናቴ፣ እኔ እዚህ ውሃ ላይ ነው ያደግሁት" አሏት። ከዚያ በኋላ ነው እጇን ያላቀቀችው።

የሐይቁን አፈ ታሪክም ነገሩን። አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ትበደላለች። ፈጣሪ ተቆጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውሃ አደረገው። ልዕልቲቱም ከነአጃቢዎቿ ሰጠመች። ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ደረቅ ቀረ፤ ደሴት ሆነ። ዛሬ ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለው እዚያ ላይ ነው ይባላል። ቦታው ድሮ በውሃ የተከበበ ደሴት ነበር። አሁን ከመሬት ጋር ተገናኝቶ በእግርም ይገባል። በውሃ መሄድ ግን ሌላ ነው። ዛፎቹ ከሩቅ ከውሃው ላይ የበቀሉ ይመስላሉ።

አባቴና ወንድሜ ገዳሙ ጋ ወረዱ። ጋሼ ሙስሊም ናቸው፤ የገዳሙን ሥርዓት ግን እንደ ደጃቸው ያውቁታል። ጫማ የት እንደሚወለቅ፣ ማንን ቀድሞ ሰላም ማለት እንደሚገባ፣ ፎቶ ከማንሳት በፊት ፈቃድ መጠየቅ እንዳለበት ለወንድሜ ነገሩት። ለታሪክ ወዳጅ ይህ ቦታ ትልቅ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚህ ትምህርት ቤት አቋቁመው ብዙ መነኮሳት አፍርተዋል። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩት እዚሁ ነው። የገዳሙ አበምኔት በቤተ መንግሥት ዐቃቤ ሰዓት የሚባለውን ትልቅ ማዕረግ ይይዙ ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ደግሞ ከ700 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

እኛ ሴቶቹ ጀልባው ላይ ቀረን። አጠገቡ ሴቶች የሚገቡበት የሴቶች ገዳም አለ፤ የእናቴ ጉልበት ግን ዳገት አይወድም። ጋሼ ቃላቸውን ጠበቁ። ጀልባዋን በዛፎቹ ጥላ ሥር ቀስ አድርገው አዞሩና ቤተ ክርስቲያኑ ባለበት አቅጣጫ ሲደርሱ ሞተሩን አጠፉ። ጀልባዋ እንዳትንሸራተት መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ ተክለው ያዙ። "አይዞዎት፣ እስኪበቃዎት ይጸልዩ" አሏት። እናቴ ነጠላዋን አመሳቅላ ከተቀመጠችበት ሆና ተሳለመች። ጸሎቷ ረጅም ነው፣ እኔ አውቃታለሁ። እሳቸው መቅዘፊያውን እንደያዙ፣ ሰዓት ሳያዩ፣ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መልሰው ጠበቋት። ስትጨርስ መረቀቻቸው። "አሜን" አሉና ሞተሩን አስነሱ። ለዚህች ሰዓት ብቻ እንኳ ባመሰግናቸው አይበዛም።

ወንድሜ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከኮምቦልቻ ጅቡቲ ይመላለሳል። እዚያ እረፍት ሲያገኝ ከጓደኞቹ ጋር በጀልባ ሙሻና ማስካሊ ወደሚባሉት ደሴቶች ሄዶ ያውቃል። ውሃ ውስጥ የሚታይበትን መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ የገዛውም ያኔ ነው። የኮራል ድንጋዩንና በቀለም ያበዱትን አሳዎች ሲያወራ አይጠግብም። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ብርድ ሲገባ፣ ከኅዳር እስከ ጥር አካባቢ፣ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ አሳ እንደሚታይም ይነግረናል። መነጽሩን ይዞ መጥቶ ስለነበር ሐይቅም ውስጥ ልግባ አለ።

ጋሼ አልከለከሉትም፤ ግን ቦታውን የመረጡት እሳቸው ናቸው። ቄጠማ ካለበት ዳርቻ አራቁት። ምክንያቱን ለሁላችንም አስረዱ። ቢልሃርዚያ የሚያመጣው ትል የሚራባው ጥልቀት በሌለውና ሣር በበዛበት ውሃ ዳር በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ልጆች ዳር ላይ እንዲንቦጫረቁ አይፈቅዱም። የሚዋኝ ሰው ከጀልባው ላይ ገለጥ ወዳለው ውሃ ይገባል፤ ሲወጣም ወዲያው በፎጣ ይደርቃል። ወንድሜ ጃኬቱን እንደለበሰ ወገቡ ላይ ገመድ አሰሩለት፤ ሌላኛውን ጫፍ ከጀልባው ጋር አሰሩ። እስኪወጣ ድረስ ዓይናቸውን ከእሱ አልነቀሉም።

እውነቱን ለመናገር ሐይቅ ውስጥ ኮራል የለም። ጨው አልባ ውሃ ነው፤ እንደ ቀይ ባሕር ያለ ነገር የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። ያላሰብነውን ያሳዩን ግን ጋሼ ናቸው። ዳርቻው ጋ ውሃው ጠራ ያለበት ቦታ ወስደው ወደ ታች እዩ አሉን። መሬቱ ላይ ሰሃን ሰሃን የሚያክሉ ክብ ጉድጓዶች አሉ። "ወንዱ ቆሮሶ ነው የቆፈራቸው" አሉ፤ ቆሮሶ ቲላፒያ የሚባለው አሳ ነው። ወንዱ አፈሩን በአፉ እየዛቀ ጎጆውን ያሰናዳል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥልና መልሳ በአፏ ትይዘዋለች፤ ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ አፏ ውስጥ ነው የሚቆዩት። የእህቴ ልጅ በሆዱ ተኝቶ፣ ጋሼ የጃኬቱን ጀርባ ጨብጠውለት፣ የአጎቱን መነጽር አድርጎ ፊቱን ብቻ ውሃው ውስጥ ነከረ። አንዱ ቆሮሶ ከጉድጓዱ በላይ እየዞረ ሌላውን ሲያባርር አየ። ቀና ሲል መጀመሪያ የጠየቀው "ቤቱን እየጠበቀ ነው?" ብሎ ነው። አዎ፣ እየጠበቀ ነው አሉት። እስከ ማታ ስለዚያ አሳ ሲያወራ ዋለ። ቆሮሶ ሐይቁ ውስጥ የገባው በደርግ ዘመን ነው፤ ዛሬ የብዙ አስጋሪ እንጀራ ሆኗል።

ምሳችንም እሱው ነበር። ጋሼ አስቀድመው ለአስጋሪዎቹ ነግረው ስለነበር ትኩስ ነው የደረሰልን። ዳር ላይ ተጠብሶ፣ በሎሚና በአዋዜ ቀረበ። እሾሁን ለልጁ እየለቀሙ ያበሉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ውዱእ አድርገው ዛፍ ሥር ሰገዱ። እናቴ እስኪጨርሱ አሳቸው እንዳይቀዘቅዝ በእንጀራ ሸፍና ጠበቀቻቸው።

ከሰዓት በኋላ ማዶውን ዳርቻ ልናይ ተስማምተን ነበር። ወደ 8 ሰዓት ግድም ነፋስ ተነሳ። ከዳር ሆኖ ሲታይ ውሃው ብዙም የተናወጠ አይመስልም። ጋሼ መሀሉን አሻግረው አዩና "አንሄድም" አሉ። ወንድሜ ትንሽ ሊከራከር ሞከረ። "ልጄ፣ ለመሄድ ነፋሱ ከኋላችን ነው፤ ይገፋናል። ስንመለስ ግን ከፊታችን ይሆናል። እናትህን ይዤ አልሞክረውም" አሉት። በዚህ ተዘጋ። በምትኩ በዳርቻው ጥግ ጥግ እየወሰዱ ወፎቹን አሳዩን። ስለ አርዲቦ ሐይቅም የነገሩን ያኔ ነው። አርዲቦ ከሎጎ ከፍ ብሎ ያለ ሐይቅ ነው፤ ውሃው በአንከርከሃ ወንዝ በኩል ወደዚህ ይወርዳል። ከሎጎ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ለሌላ ጊዜ ይዘነዋል።

ስንወርድ ሒሳብ ልከፍል ቆጥሬ ሰጠኋቸው። ቆጠሩና ከላዩ ላይ አንስተው መለሱልኝ። "ማዶ አልሄድንም። ያልነዳሁበትን አልበላም" አሉ። ነፋሱ የእርስዎ ጥፋት አይደለም ብል፣ አባቴ ቢለምናቸው፣ አልተቀበሉም። በመጨረሻ እናቴ "ለልጆችህ ዳቦ ግዛበት፣ እናትህ ነኝ" ብላ በእጃቸው ስታስይዛቸው ነው እምቢ ማለት ያቃታቸው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሐይቅ ከደረሰ ወዲህ እዚያ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች እንግዳ ርቋቸው ብዙ ተቸግረዋል። ጋሼ ስለ ችግራቸው አላወሩንም፤ ሌሎቹ ናቸው የነገሩን። እንዲህ ያለ ጊዜ አልፎባቸውም ትርፍ ሰው አልጭንም፣ ያልሠራሁበትን አልወስድም የሚል ሰው ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ለምትሄዱ፦ ጠዋት በጊዜ ጀምሩ፣ ከሰዓት ነፋስ አለ። ጥሬ ብር ያዙ። ፎጣና ቅያሪ ልብስ አትርሱ። የፕላስቲክ ጠርሙሳችሁን መልሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጋሼ ውሃ ውስጥ ሲጣል አይወዱም፣ ደግሞም ትክክል ናቸው። ኅዳር 26 የአባ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ስለሆነ ሕዝብ ይበዛል፤ በዚያ ሰሞን ከሆነ ቀደም ብላችሁ ንገሯቸው። ውሃው ዳር ደርሳችሁ ሰማያዊ ሸራ ያላት ጀልባ የቷ ናት ብትሉ ያሳዩአችኋል። ስልካቸውን ለሁሉም እንዲለጠፍ ስላልፈለጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉ ማታ ይሁን፤ ቀን ውሃ ላይ ስለሆኑ አያነሱም።