ለልጄ ቀጭኔዎቹን የሠራሽላት እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ይህን የምጽፈው ቅዳሜ ማታ እንግዶቹን ሸኝቼ ነው። ቤቱ አልተጠረገም፣ ፊኛው ገና ወለሉ ላይ ይንከባለላል፤ ግን ሳላመሰግን ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም። ለልጆቻችሁ ልደት ኬክ የምታሠሩ ወላጆች፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ልጄ ዛሬ፣ ነሐሴ 10፣ አምስት ዓመት ሞላት። ሁለት ወር ሙሉ ስትለምነኝ የከረመችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "የፀሐይ ሎሊፖፕ ኬክ"። ፀሐይ ማለት "ፀሐይ መማር ትወዳለች" በሚለው የልጆች ፕሮግራም ላይ ያለችው ቀጭኔ ናት። እኔም በልጅነቴ በኢቲቪ እያየኋት ነው ያደግሁት፣ አሁን ደግሞ ልጄ በስልኬ ታያታለች፤ ስለዚህ ጉጉቱ የሁለታችንም ነበር። ሎሊፖፕ ኬክ የምትለው ኬክ ፖፕ የሚባለውን ነው፤ ኬኩ ተፈርፍሮ፣ ተድቦልቡሎ፣ እንጨት ላይ ተሰክቶ ቸኮሌት የሚለብሰውን።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ቤት ስም አልጠራም፤ እንጀራቸውን መዝጋት አልፈልግም። ግን ያደረጉኝን ልናገር። ሐምሌ ላይ ግማሹን ቀብድ ከፍዬ፣ ፎቶውን ሰጥቼ አዘዝኩ። "ምንም አታስቢ፣ አሳምረን ነው የምንሠራው" አሉኝ። ልደቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ናሙና እንዳይ ጠሩኝ። ልጄን ይዤ ሄድኩ። ያቀረቡልን ቡናማ ድቡልቡል ነገር ነው፤ ሁለት ነጭ ነጠብጣብ ዓይን ተብሎ ተደርጎበታል፣ ጆሮ የለው፣ ቀንድ የለው። "ይቺ ቀጭኔ ናት?" ብል፣ ሰውየው "ልጅ ምን ያውቃል፣ ዋናው ጣፋጭ መሆኑ ነው" አለኝ። ልጄ እኮ አጠገቤ ቆማለች! ቀሚሴን ይዛ "እማ፣ ይቺ ፀሐይ አይደለችም" አለች። ቀብዴን ስጠይቅ ቀብድ አይመለስም ተባልኩ። ገንዘቡ ይቅር፤ ያ "ልጅ ምን ያውቃል" የሚለው ቃል ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ሁለተኛዎቹ ደግሞ የጾም እንዲሆን ስነግራቸው "እሺ፣ እሺ" ብለው ተቀብለው፣ ከሦስት ቀን በኋላ ስልክ ማንሳት አቆሙ። በአካል ስሄድ "የጾም ኬክ ለዚህ አይሆንም፣ ይፈረካከሳል" አሉኝ። ይህን መጀመሪያውኑ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ፍልሰታን ታውቃላችሁ፤ ሌላውን ጾም የማይጾም ልጅ እንኳ ፍልሰታን ይጾማል፣ ይቆርባል። ከጠራኋቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ጿሚ ናቸው። ለአንዱ ልጅ ኬክ ሰጥቼ ሌላው አፉን ይዞ እንዲያይ ላደርግ ነው? አይሆንልኝም። እናቴም ትጾማለች፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጇ ልደት ነው፣ ሳትቀምስ እንድትውል አልፈለግሁም።

ማክሰኞ ዕለት፣ አራት ቀን ሲቀረው፣ ጎረቤቴ ቡና ላይ ሆዴ ብሶኝ ሳወራ ሰምታ አንድ ስልክ ቁጥር ሰጠችኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ቤቷ የምትሠራ አንዲት ልጅ። ደወልኩ። "እህቴ፣ ነገ ልጅሽን ይዘሻት ነይ" አለችኝ። ፎቶ ላኪ አላለችም፣ ቀብድ ላኪ አላለችም፤ ልጅሽን ይዘሻት ነይ!

ረቡዕ ሄድን። አንድ ነገር እዚህ ላይ ልንገራችሁ። ልጄ በቅርቡ መነጽር ታዞላታል፤ ግን ሰው ሲያያት ታወልቀዋለች። ያን ዕለትም በሩ ሲከፈት አውልቃ ቦርሳዬ ውስጥ ወሸቀችው። እኔ ራሴ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ "አራት ዓይና" እያሉ ሲጠሩኝ መነጽሬን ትቼ ዓይኔን የጎዳሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ባወለቀችው ቁጥር ሆዴ ይላወሳል፣ የምለው ግን ይጠፋኛል።

ልጅቷ እኔን ወንበር ሰጥታ ልጄን አጠገቧ አስቀመጠቻት። "የኔ ቆንጆ፣ ፀሐይ ምን ምን አላት? ንገሪኝና እኔ ልጻፍ" አለቻት። ልጄ ቀንዷን፣ ጆሮዋን፣ ነጠብጣቧን አንድ በአንድ ስትቆጥር እሷ እውነትም ትጽፋለች። ስልኩ ላይ ያለውን ሥዕል ለማሳየት ልጄ አፍንጫዋ እስኪነካው አስጠግታ አየችው። ልጅቷ ይህን አየች፤ ምንም አላለችም። ለዕቃ መግዣ የሚሆን ትንሽ ብር ብቻ ተቀብላ ሸኘችን።

ዛሬ ጠዋት ልንወስድ ስንሄድ ሌሊቱን መብራት ጠፍቶባት ነበር። ቸኮሌቱ እንዲረጋላት በረንዳው ላይ ደርድራቸው አድራለች፤ "የነሐሴ ብርድ ከፍሪጅ ይበልጣል" አለችኝ። ሣጥኑን ከፈተችው። 30 ቀጭኔ ፎም ላይ ተሰክቶ ቆሟል። ቢጫ፣ ነጠብጣቡ በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ የተሣለ፣ ሁለት ሁለት ትንንሽ ቀንድ ያለው። ሁሉም የጾም ነው፤ ኬኩን ያያያዘችው በማርማላታ ነው አለችኝ። ቸኮሌቱ ውስጥ አንድ ጠብታ ውሃ ከገባ እንደሚቋጠርና ለዚህም ቀለሙ ልዩ መሆኑን አስረድታኝ ነበር፤ ነገሩ አልገባኝም፣ ጥንቃቄዋ ግን ገብቶኛል። እንጨቱን እንኳ ጫፉን ቸኮሌት ነክራ ነው የምትሰካው። ከጀሞ እስከ መካኒሳ በዚያ ጉድጓድ በበዛበት መንገድ፣ በዝናብ መጥተን አንዲትም ቀጭኔ አንገቷ አልወደቀም።

መሀል ላይ ያለችው ግን ከሁሉም ትለያለች። መነጽር አድርጋለች። ክብ፣ ክር የመሰለች፣ ሐምራዊ መነጽር። የልጄ መነጽር ሐምራዊ ነው። ወደ ቦርሳዬ ሲገባ ለአፍታ ነው ያየችው!

"ይቺ ፀሐይ ማንበብ ስለጀመረች መነጽር ገዛንላት" አለቻት። ልጄ ዝም ብላ ብዙ አየቻት። ከዚያ እጇን ቦርሳዬ ውስጥ ከታ መነጽሯን አወጣችና አደረገችው። ልደቱን ሙሉ አላወለቀችውም። ልጆቹ ሲጠይቋት "እንደ ፀሐይ ነው" ትላቸው ነበር። እኔማ ጠዋት መነጽሯን ስታደርግ ገና እዚያው ጀሞ በሩ ላይ ቆሜ ዕንባዬን መያዝ አልቻልኩም፤ ልጅቷን አቅፌ አለቀስኩ። እናቴም ሰምታ "እጇ ይባረክ፣ ልጅ ወልዳ ትሳም" እያለች ስትመርቃት ነው የዋለችው፤ ራሷ ሁለት በልታለች። ባለ መነጽሯን ማንም አልነካትም፣ ፍሪጅ ውስጥ ናት።

ወገኖቼ፣ ሙያ ከመልካም ልብ ጋር አንድ ላይ አግኝቻለሁ። ዋጋዋም ከመጀመሪያው ቤት ያነሰ ነው። እባካችሁ አሠሯት፣ ለሌላም ንገሩላት። ብቻዋን ስለምትሠራና ስልክ እንዳይበዛባት ስለጠየቀችኝ ስሟንና ቁጥሯን እዚህ አላወጣሁም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። በሳምንት ከሁለት ትዕዛዝ በላይ አትቀበልም፤ የመስከረም ልደት ያላችሁ ካሁኑ ያዙ። ስትሄዱም ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ።