ከጅቡቲ ወደብ እስከ ታጁራ፦ የሁለት ቀን የመኪና ጉብኝት እንዴት ነበር?

ጅቡቲ ለአብዛኞቻችን የከባድ መኪና ሹፌሮችና የዕቃ አስተላላፊዎች ከተማ እንጂ ለጉብኝት የሚኬድባት አገር ሆና አትታሰብም። እኔና ባለቤቴ በታኅሣሥ ወር መኪና ከነሹፌሩና ከነአስጎብኚው ተከራይተን አንድ ቀን በወደብ ከተማዋ፣ አንድ ቀን ደግሞ በባሕረ ሰላጤው ማዶ በምትገኘው በታጁራ ለማሳለፍ ወጣን፤ ካየነው በኋላ ግን ይህን ጉዞ ለወገኖቼ ሳልጠቁም ማለፍ አልፈለግሁም።

በከተማው ውስጥ አስጎብኚያችን ቸኩሎብናል። ነጫጭ ቅስቶች ባሏቸው አሮጌ ሕንፃዎች የተከበበው አደባባይ በይፋ የሚጠራው ነፃነት በተገኘበት ቀን፣ በእ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 1977 ቢሆንም፣ ሕዝቡ እስካሁን የሚያውቀው በምኒልክ ስም ነው። የድሮውን ባቡር ጣቢያ በመኪና መስኮት አሳይቶን ሊያልፍ ሲል ግን ባለቤቴ እንዲያቆም ለመነችው። አባቷ ድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ከዚህ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰውን ሐዲድ መነሻ በዓይኗ ማየት ለእርሷ ከየትኛውም ባሕር ዳርቻ የሚበልጥ ነገር ነበር። ከኢትዮጵያ ለሚመጣ እንግዳ ይህ ቦታ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሊሰጠው ይገባል። ምሳችን ከጀርባው ተሰንጥቆ በቅመም ተለውሶ በሸክላ ምድጃ የተጠበሰ የየመን ዓሣ ከትኩስ ቂጣ ጋር ነበር፤ በእጅ የሚበላ፣ ለብዙ ሰው የሚበቃና ጣዕሙ የማይረሳ ምግብ ነው።

የጉዞው ትልቁ ሀብት ግን መንገዱ ነው። ወደ ታጁራ ከሚወስደው አስፋልት ተገንጥለን ወደ አሳል ሐይቅ ስንወርድ ምድሩ እየጠቆረ፣ አየሩም እየከበደ ሄደ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ የሚገኝ፣ በአፍሪካ ምድር ዝቅተኛው ሥፍራ ሲሆን፣ ውኃው ከአጠገቡ ካለው የጉቤት ባሕር በዓለት ስንጥቆች ውስጥ ሰርጎ ከገባ በኋላ መውጫ ስለሌለው በሙቀቱ እየተነነ ጨውን ብቻ እየተወ ይሄዳል። ነጩ ጨው ከሰማያዊው ውኃ ጋር ሲገናኝ፣ ዙሪያውንም ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከቦት ሲታይ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለን ቆምን። አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በ1978 የፈነዳው እዚያው አጠገብ ነው። አስጎብኚው በዚህ ሥፍራ የተመሰገነ ሥራ ሠርቷል፤ በጨዉ ላይ የት መርገጥ እንደሚገባ ከማሳየቱም በላይ የአፋር ነጋዴዎች ጨዉን በግመል እየጫኑ ወደ ደጋው ያወጡ እንደነበር በሚገባ አስረድቶናል።

ታጁራ ነጫጭ ቤቶችና በርካታ መስጊዶች ያሏት ጸጥተኛ የአፋር ከተማ ናት። አስጎብኚያችን ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ እዚህ ወራት እንደጠበቀና እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ሸዋ እንደተነሣ ነገረን። በ1841 ወደ አንኮበር፣ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድንም ከመርከብ የወረደው በዚህችው ዳርቻ እንደነበር ግን አላነሣም፤ ለእኛ የሸዋ በር የነበረችው ታጁራ በአንድ ባለቅኔ ስም ብቻ መታወሷ አሳዝኖኛል። ማታ ባሕሩ ዳር ተቀምጠን ከመስጊዶቹ እየተከታተለ የሚሰማውን አዛን አዳመጥን፤ በዚያው ቀን ለመመለስ ያልወሰነ ሰው ብቻ የሚያገኘው ደስታ ነው።

ቅሬታዬ አንድ ነው። በመመለሻችን አርታ ዳርቻ ላይ፣ ሰውን የማይነካውንና ከኅዳር እስከ ጥር የሚመጣውን ዌል ሻርክ የተባለውን ግዙፍ ዓሣ የሚያሳየን ጀልባ አስቀድመን ከፍለን ሳለ ሳይመጣ ቀርቷል፤ አስጎብኚ ድርጅቱም ከተሟገትን በኋላ የመለሰልን የገንዘቡን ግማሽ ብቻ ነው። ስለዚህ የጀልባውን ሒሳብ ጀልባው ላይ ስትወጡ ክፈሉ፤ የጅቡቲ ፍራንክም በጥሬ ገንዘብ ያዙ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ በእነዚያ ወራት አትሂዱ። ከከተማው ወደ ታጁራ የሚሻገር መርከብም አለ፤ እኔ ግን ወደፊት ብመለስም አሳልን ስለሚያሳይ የምመርጠው መንገዱን ነው።