የአያቴን ንቅሳት ለመለሰልን ልጅ

ይህን የምጽፈው አንድም የድሮ ካሴት ወደ ዲቪዲ የሚገለብጥ አንድ ልጅ ላመሰግን ነው። አንድም ቁም ሳጥን ውስጥ የሠርግ ወይም የክርስትና ካሴት ያስቀመጣችሁ ሰዎች እኔ የሠራሁትን እንዳትሠሩ ነው።

1991 ዓ.ም. ጥር ላይ ታላቅ እህቴ ስታገባ አጎቴ ከዋሽንግተን መጣ። በእጁ አዲስ የሶኒ ካሜራ ይዟል። ሃይ ኤይት የምትባለዋን ትንሽዬ ካሴት የሚወስድ ነው። ሠርጉን፣ መልሱን፣ ቅልቅሉን አንድም ሳያስቀር ቀረጸ። ሦስት ካሴት ሞላ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሰዓት። ከዚያ ካሴቶቹን ትቶልን ካሜራውን ይዞ ተመለሰ። በምን እንየው? እህቴ የራሷን ሠርግ ሳታይ ሁለት ልጅ ወለደች።

በነገራችን ላይ፣ «ማቀፊያ ውስጥ ከተን በትልቁ ካሴት ማጫወቻ፣ በቪኤችኤስ ዴክ፣ እናጫውተዋለን» የሚላችሁ ካለ አትመኑት። ማቀፊያ ያለው ቪኤችኤስ ሲ ለሚባለው ካሴት ነው። ለዚህኛው የለም። በራሱ ዓይነት ካሜራ ወይም ማጫወቻ ብቻ ነው የሚታየው።

በኋላ አያቴ አረፈች። ፎቶዋ አለን። ስትራመድ፣ ስትመርቅ፣ ስትቆጣ የሚያሳይ ግን ያ ካሴት ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ተነሳሁና ወደ ዲቪዲ እናስገልብጥ ብዬ አንድ ቤት ወሰድኩት። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። በሦስት ቀን ጨርሰው ስድስቱን ሰዓት አንድ ዲቪዲ ላይ አድርገው ሰጡኝ። «ባንዴ በአንድ ሲዲ!» ብዬ ተደስቼ ነበር።

ቤት ገብተን ከፈትነው። ሰው ሁሉ ወፍሯል። እናቴ ራሷን አይታ «ያኔ ነው እንዴ እንዲህ የወፈርኩት?» አለች። ሰው ሲንቀሳቀስ ፊቱ ካሬ ካሬ ይሆናል። ካሜራው ዞር ሲል ምስሉ ዘለል ዘለል ይላል። እስክስታው ላይማ አይነሳ! ትከሻ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዳሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። የአያቴ ፊት ደግሞ ሰም የተቀባ ይመስል ልሙጥ ሆኗል። አንገቷ ላይ የነበረው ንቅሳት ድራሹ የለም። ደውዬ ስጠይቅ «ካሴቱ አርጅቶ ነው» አሉኝ። አመንኳቸው። ለወራት እንዲሁ ተቀመጠ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ናት ወደዚህ ልጅ የመራችኝ። ድሮ ፒያሳ ትንሽ ሱቅ ነበረችው። ፒያሳ ሲፈርስ ተነስቶ አሁን አንድ ኮንዶሚኒየም ሥር ነው የሚሠራው። ዲቪዲውንም ካሴቶቹንም ይዤ ሄድኩ። ዲቪዲውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተና «እስክስታው ጋ ውሰጂኝ» አለኝ። ገረመኝ። ለካ መፈተኛው እሱ ነው። ከትከሻ የፈጠነ ነገር ሠርግ ላይ የለማ። አንድ ቦታ ላይ አቆመው፣ አጎላው፣ ጥርስ ጥርሱን በጣቱ እያሳየኝ «እህቴ፣ ይሄ ካሴቱ ላይ የለም። ሲገለብጡት ነው የመጣው» አለ።

ከዚያ አስረዳኝ። እኔ በገባኝ ልንገራችሁ። የዚያ ዘመን የአሜሪካ ካሜራ በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ያያል። ግን ባየ ቁጥር የሚይዘው የምስሉን ግማሽ ነው፤ አንዴ ጎዶሎ ቁጥር መስመሮቹን፣ ቀጥሎ ሙሉ ቁጥሮቹን። ሁለቱ ግማሾች የተነሡት በተለያየ ቅጽበት ስለሆነ ትከሻው በመሃል ቦታ ቀይሯል። የድሮ ቴሌቪዥን ተራ በተራ ስለሚያሳያቸው ችግር የለውም። ኮምፒውተር ላይ ዝም ብሎ አንድ ላይ የሰፋቸው ሰው ግን ማበጠሪያ ያወጣል።

የእኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረበት። ካሜራው የአሜሪካ ነው። የእነሱ የዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ሥርዓት ኤንቲኤስሲ የሚባለው ነበር፣ የእኛ አገር ፓል የሚባለው። የእነሱ ምስል ቁመቱ 480 መስመር ሲሆን በሰከንድ ወደ 30 ሙሉ ምስል አለው። የእኛው 576 መስመርና 25 ምስል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ግማሾቹን ሳይለያዩ 480ውን ወደ 576 ለጠጡት። ጎዶሎውና ሙሉው መስመር ተደባለቀ። 30ውን 25 ለማድረግ ደግሞ ከመሃል ምስል እየነቀሉ ጣሉ። ያ ነው የሚዘለው። ውፍረቱ ቀላል ነበር፤ 4 በ3 የተቀረጸውን ለዘመኑ ቴሌቪዥን ብለው 16 በ9 ወጥረውታል። እናቴ ይሄን ስትሰማ ነው የተገላገለችው።

ካሬ ካሬውስ? አንድ ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ነው የሚይዘው። ስድስት ሰዓት ስትጠቀጥቂበት ለእያንዳንዱ ሰከንድ የሚደርሰው 1.7 ሜጋቢት ገደማ መረጃ ነው። ዲቪዲ ግን ለምስል ብቻ እስከ 9.8 ይፈቅዳል። «ስድስት እንግዳ ለአንድ ሰው በቀረበ ምሳ እንደመጥራት ነው» አለኝ። ባንዴ በአንድ ሲዲ ብዬ የተደሰትኩት እኔ ዝም አልኩ።

ካሴቶቹን ከመክተቱ በፊት በስልኩ መብራት በመስኮታቸው በኩል አያቸው። ነጭ ሻጋታ ካለ አያጫውትም፤ ካሴቱንም ካሜራውንም ያበላሻል። አልነበረም። አንዴ እስከ መጨረሻ አጠንጥኖ መለሳቸው። የሚያጫውትበት ዲጂታል ኤይት የሚባል የሶኒ ካሜራ ነው። የድሮውን ሃይ ኤይት ያነባል፣ በፋየርዋየር ገመድ ወደ ኮምፒውተር ይልካል። የምስሉን ጫፍ እንደ ባንዲራ የሚያውለበልበውን መንቀጥቀጥ የሚያስተካክል ቲቢሲ የሚሉት ነገር እዚያው ውስጡ አለ። የመጀመሪያዎቹ በቢጫዋ ተራ ገመድ ነው የቀዱት፤ ቀዩ ቀለም ከልብሱ ወጥቶ አየር ላይ የሚንሳፈፈው አንድም በዚህ ነው።

እዚያው ቁጭ ብዬ አየሁት። የአያቴ ክፍል ሲደርስ ካሜራው ላይ ያለውን ምስል የሚያጠራ ማስተካከያ አበራና አጠፋ፣ አበራና አጠፋ። ሲበራ ምስሉ ላይ የሚርመሰመሰው ፍንጥርጥር ይጠፋል፣ ምስሉ ንጹህ ይሆናል። ግን አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት አብሮ ይደበዝዛል። እጇን ስታነሳም ጥላ ይከተላታል። ለማሽኑ ፍንጥርጥርም ንቅሳትም ያው ነው። «ትንሽ ፍንጥርጥር ቢኖር ይሻላል፣ እሳቸው ይታዩ» አለና አጠፋው። ሙሽሮቹ ጉልበቷን ሊስሙ ሲጎነበሱ እሷ ቀና ትላለች። ነጠላዋ ይንሸራተታል። አንገቷ ላይ ያሉት ሰማያዊ መስመሮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። እናቴ «አራት ነው»፣ አክስቴ «ሦስት ነው» ሲጨቃጨቁ ነው ያደግነው። አራት ነው።

የማይሆነውንም አልደበቀኝም። ድንኳኑ ውስጥ የተሰቀለው ፍሎረሰንት ሲርገበገብ ይታያል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ፣ ካሜራው ደግሞ ለ60 የተሠራ፤ አይገጥሙም። ካሴቱ ላይ የተቀረጸ ነገር ነው። ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ የእህቴ ቬሎ በፀሐይ ነጭ ሆኖ ተቃጥሏል፣ ጥልፉ የለም። «መጀመሪያውኑ ያልተቀረጸ ጥልፍ ከየት ላምጣ?» አለ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሊሞላው እንደሚችል ነገረኝ፤ ግን የሚመጣው የማሽኑ ጥልፍ ነው፣ የእህቴ አይደለም። በዚህ ልቤን ወሰደው።

በመጨረሻ በዚያው በኤንቲኤስሲው፣ በዚያው 4 በ3 ተወው። አሁን ያለው አብዛኛው ማጫወቻ ሁለቱንም ይቀበላል። ለአንድ ሰዓት አንድ ዲቪዲ፣ በጠቅላላው ስድስት። ዋናውን ቅጂ ከካሜራው እንደመጣ፣ እንደገና ሳይጨመቅ፣ ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጠልኝ። ለአንድ ሰዓት 13 ጊጋ ያህል ይወስዳል፣ ስለዚህ ወደ 80 ጊጋ ባዶ ቦታ ይዛችሁ ሂዱ። ለስልክና ለኮምፒውተር ደግሞ ግማሾቹን በትክክል ለያይቶ የተስተካከለ ሌላ ፋይል ሰጠኝ። እስክስታው ላይ አንድም ጥርስ የለም። እህቴ ባለፈው እሑድ ከልጆቿ ጋር አየችው። ልጆቹ አባታቸው ፀጉር እንደነበረው አላመኑም።

ዋጋው የመጀመሪያዎቹ ካስከፈሉኝ እጥፍ ነው፤ አልዋሽም። ጊዜም ወስዷል፣ ሁለት ሳምንት። አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ስልክ አያነሳም። ሥራ ላይ ከሆነ ሦስት ጊዜ ደውላችሁም ላይመልስ ይችላል። መልእክት ላኩለት፣ ማታ ማታ ይመልሳል።

ወንድሜ፣ ይሄን ካነበብከው እናቴ «እጁ ይባረክ» ብላሃለች። አክስቴም ተሸንፋለች።

ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፣ ብቻውን ስለሆነ የሚሠራው እንዳይጨናነቅ ለምኖኛል። የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። ካሴታችሁ የአሜሪካ (ኤንቲኤስሲ) ይሁን የአውሮፓ (ፓል)፣ በየትኛው ካሜራ እንደተቀረጸ የሚያውቅ ዘመድ ካለ ቀድማችሁ ጠይቁ። ቤታችሁ የተኛ የድሮ ሶኒ ካሜራ ካለም፣ የተሰበረም ቢሆን፣ ይዛችሁ ሂዱ። ለመለዋወጫ እየፈለገ ነው።