የብረቱ የፎንዲዩ ድስቴ፣ ብርዱ ካለፈ በኋላ

ስዊዘርላንድ ሎዛን የሚኖር ሰው የፎንዲዩ ዕቃ ባይኖረው ጎረቤት ያውሰዋል። ፎንዲዩ ዳቦ በሹካ እየጠቀሱ የሚበሉት የቀለጠ አይብ ነው። እኔም ስዋስ ኖሬ ባለፈው ጥቅምት የራሴን ገዛሁ። ካክሎን የሚሉት ባለ እጀታ ድስት፣ ማንደጃ ከነማቆሚያው፣ ረጃጅም ሹካዎች። ብርዱን ሙሉ ሠርቷል፤ አሁን ፋሲካም አልፏል።

ድስቱ የሸክላም የብረትም አለ። የሸክላው ርካሽ ነው፣ ያምራልም። የኔ ምድጃ ግን ኢንዳክሽን፣ ማለትም በማግኔት ኃይል የብረት ድስት የሚያግል ስለሆነ ሸክላ አያሞቅም። በኢናሜል የተለበጠውን የብረት ወሰድኩ። ይከብዳል! ሞልቶ ወደ ጠረጴዛ ሲሄድ ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ እጀታው ግን አንድ ነው። የሠራው ሰው ራሱ ተሸክሞት አያውቅም መሰለኝ። ሙቀት አያያዙ ግን አንጀት ያርሳል፤ እሳቱ ቢጠፋ እንኳ አይቡ ቶሎ አይረጋም።

አይቡን እንደ ስዊዘርላንዷ ፍሪቡር ሰዎች ግማሹን ግሩዬር፣ ግማሹን ቫሽራን የሚባል አይብ አደርጋለሁ። ለ4 ሰው 800 ግራም ይበቃል። ድስቱን በነጭ ሽንኩርት አሽቶ፣ ነጭ ወይን አሙቆ፣ የተፈቀፈቀውን አይብ ከትንሽ የበቆሎ ስታርች ጋር ቀስ በቀስ እየጨመሩ ማማሰል ነው። ወይኑ ለጣዕም ብቻ አይደለም። አይቡ እንዳይጓጉልና ቅባቱ ለብቻው እንዳይወጣ የሚረዳው ኮምጣጣነቱ ነው። ወይን የማይነካ እንግዳ ሲመጣ በፖም ጭማቂና በሎሚ እሠራዋለሁ፤ ይይዛል።

ቅሬታዬ ማንደጃው ላይ ነው። ከዕቃው ጋር የመጣው በፈሳሽ ስፒሪቶ የሚሠራ ነበር። ጥቂት ወራት እንደሠራ ማዞሪያው ተጣብቆ ቀረ። ወይ ቦግ ብሎ ይነዳል፣ ወይ ይጠፋል። ሲነድ የድስቱ መሀል ያርራል፣ ዳር ዳሩ ይቀዘቅዛል። ሱቁን ብጠይቅ «ማንደጃው ዋስትና የለውም» አሉኝ። የጄል ማንደጃ ለብቻ ገዝቼ ተገላገልኩ። ፈሳሹ ሌላም ጣጣ አለው፦ ማዕዱ መሀል ቢያልቅ እንደሞቀ መሙላት አይቻልም። የስፒሪቶ ነበልባል አንዳንዴ ለዓይን አይታይም፤ ጠፍቷል ብሎ የቀዳ ሰው ጉድ ይሆናል።

ሹካዎቹ ጫፋቸው ላይ የየሰው መለያ ቀለም ነበራቸው። የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ አደበዘዛቸው። አሁን ቀዩና ብርቱካናማው ሰው ያጣላሉ።

መጨረሻ ላይ ድስቱ ሥር የሚጋገረውን ቅርፊት ሁሉም ይሻማበታል። ብረቱ እሱን አሳምሮ ያወጣል፤ በእንጨት ማንኪያ ሲያነሱት እንዳለ ይላቀቃል። የቀረውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ነው። የሽቦ ማጠቢያ አታስጠጉት፣ ኢናሜሉን ይጭረዋል።

ሥጋ በጋለ ዘይት የሚበስልበትን ፎንዲዩ ቡርጊኞን ግን በዚህ ድስት አልሠራም። አፉ ሰፊ፣ ወገቡ አጭር ስለሆነ ዘይቱ ይረጫል። ለዚያ ጠበብና ጠለቅ ያለ የብረት ድስት ይሻላል። ሸክላማ በዘይቱ ግለት ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሁዳዴ ሲገባ አይብ ቀረ እንጂ ድስቱ አላረፈም። ሽሮ ተጋቢኖ ሠርቼበት እስከ መጨረሻው ጉርሻ ሲንተከተክ ቆየልኝ። ለዚህ ብቻ እንኳ ብገዛው አይቆጨኝም ነበር።

ኢንዳክሽን ያላችሁ የብረቱን ግዙ። ጋዝ ያለው፣ ለአይብ ብቻ የሚፈልገው ሰው በሸክላው አይጎዳም። ግን ከመክፈላችሁ በፊት ካርቶኑን አስከፍታችሁ ማንደጃውን እዩ። የፈሳሽ ከሆነ ዋጋው ላይ የሌላ ማንደጃ ሒሳብ ደምሩበት።