ከ11 ወር በኋላ፦ እየተሰወረ መከራዬን ያሳየኝ ኤስኤስዲ

ይህን ባለ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለውን ፈጣን ዲስክ፣ የገዛሁት ኅዳር 2017 ነው፤ የጥር ሠርግ ሳይደርስ ልዘጋጅ ብዬ። ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ሲሆን ማሽኔ ከአንድ መሥሪያ ቤት የወጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ኤስኤስዲው ባለ 2.5 ኢንቹ ሳታ ነው፣ ማለትም ከማዘርቦርዱ ጋር በገመድ የሚገናኘው፤ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ቀጭኑ ኤንቪኤምኢ አይደለም፣ ማሽኔ የዚያ ቦታ የለውም። ዊንዶው በሌላ ትንሽ ኤስኤስዲ ላይ ነው ያለው። ይኼኛው የሥራ ዲስኬ ነው፤ ያለቀለትን ደግሞ 2 ቴራባይት የሆነው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ አከማቻለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ደስታ ብቻ ነበር። በአሮጌው ዲስክ አንድ የሠርግ ፕሮጀክት እስኪከፈት ቡና ይፈላ ነበር፤ አሁን ስኒው ሳይቀርብ ይከፈታል። የሳታ መስመር በሰከንድ 6 ጊጋቢት ስለሆነ ጣሪያው 550 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ትልልቅ ፋይል ሳነብ 530 አካባቢ አገኝበታለሁ። ለዚህ ሥራ በቂ ነው።

ጥር አጋማሽ ላይ የአንድ መልስ ቪዲዮ ኤክስፖርት እያደረግኩ 70 በመቶ ላይ ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ፕሮግራሙ ፋይሉን አላገኘሁትም አለ። ዚስ ፒሲን ብከፍት ዲስኩ የለም። ፎርማት ይደረግ የሚል መልእክት እንኳ የለም፤ ጭራሽ እንዳልተሰካ ነው የሆነው። ሪስታርት ሳደርገው ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ቦታው ላይ ተቀምጧል፣ ፋይሎቹም አልተነኩም። በማግስቱ ደገመው። በዚያ ሳምንት አምስት ጊዜ ጠፋብኝ።

የሸጠልኝ ልጅ «ማዘርቦርድህ ነው» አለኝ። የሰፈራችን ኮምፒውተር ጠጋኝ ደግሞ እንደተለመደው «ፎርማት ይደረግ» አለ። እኛ ዘንድ ኮምፒውተር ራሱንም ያመው ሆዱን መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ፎርማት። ሙሽሮች እየደወሉብኝ ፎርማት የማደርግበት ልብ አልነበረኝም።

ይልቅ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንኩ። ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘውን መዝገብ፣ ስማርት የሚባለውን፣ ያሳያል። ጤናው 99 በመቶ፣ ሙቀቱ 38 ዲግሪ። ተራ ቁጥር 199 ላይ ግን፣ ፕሮግራሙ ሲ7 ብሎ በሚያሳየው መስመር፣ 2ኤፍ ተጽፏል። እኔ የስህተት ኮድ መስሎኝ ግማሽ ቀን ስፈልገው ዋልኩ። ለካ ፕሮግራሙ ካልቀየሩት በቀር ቁጥሮቹን በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ነው የሚያሳየው፤ 2ኤፍ ማለት 47 ነው። መስመሩ የሚቆጥረው በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል ሲጓዝ የተበላሸ ዳታ ስንት ጊዜ እንደተገኘ ነው። ስለ ዲስኩ ሜሞሪ መድከም አይናገርም፤ በአብዛኛው የሚከሰሰው ገመዱ ነው።

ገመዱን ሳየው ደግሞ መከሰስ የሚገባው ነበር፦ ሁለት ቦታ ታጥፎ የተጨመቀ፣ ጫፉ ላይ የብረት መቆለፊያ የሌለው። መቆለፊያ ያለው አዲስ ገዝቼ ቀየርኩት፤ ቁጥሩም 47 ላይ ቆመ። ወደ ዜሮ ይመለሳል ብላችሁ እንዳትጠብቁ፣ አይመለስም። የሚታየው መጨመሩን ማቆሙ ነው።

መጥፋቱ ግን ቀነሰ እንጂ አልቀረም። በጥር ግርግር መሃል ማሽን ከፍቶ ለመበርበር ጊዜ አልነበረኝም፤ የካሜራ ካርዶቹን ሥራውን እስኪረከቡኝ ስለማላጠፋቸው ከባከነብኝ ሰዓት በቀር የከሰርኩት ነገር አልነበረም። ዐቢይ ጾም ገብቶ ሥራ ሲቀዘቅዝ ነው በደንብ የተቀመጥኩበት።

ቀድሜ የጠረጠርኩት ፈርምዌሩን፣ ዲስኩ ውስጥ ተቀምጦ ራሱን ዲስኩን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ነበር፤ ዝም ብዬም አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ክሩሻል የተባለው አምራች ኤም4 ለሚለው ኤስኤስዲው የፈርምዌር ማስተካከያ ያወጣው ዲስኩ 5,184 ሰዓት ከሠራ በኋላ ምላሽ መስጠት ያቆም ስለነበር ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሰርቨር አምራቹ ኤችፒኢ አንዳንድ የሰርቨር ኤስኤስዲዎቹ 32,768 ሰዓት ሲሞላቸው እንደሚሞቱ አስታውቋል። የኔው ግን ገና 900 ሰዓት እንኳ አልሞላውም። ቢሆንም ፈርምዌሩን አደስኩ፣ ለውጥ የለም። የሳታውን መስመር የሚያሳርፈውን የዊንዶው ኃይል ቁጠባ አጠፋሁ፣ ለውጥ የለም።

ፍንጩን የሰጠችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ከኮምፒውተር ጋር ብዙም አትግባባም፤ እዚያው ክፍል ለፈተና ታጠና ነበር። «አንተ፣ ያ አሮጌው ሲያጓራ አይደል እንዴ የሚጠፋብህ?» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ዊንዶው አሮጌውን ሃርድ ዲስክ 20 ደቂቃ ካልተነካ ያስተኛዋል፤ ስፈልገው እያጓራ ይነሳል። ዲስኩ ከቆመበት ሲነሳ ደግሞ በሩጫ ላይ ካለበት ጊዜ ይልቅ እጅግ ብዙ ኃይል ይስባል። ለወራት በጆሮዬ ስሰማው የኖርኩትን ድምፅ እሷ በአንድ ከሰዓት አያያዘችው።

ከዚያ ወደ ስማርት ተመለስኩ። ተራ ቁጥር 12 ዲስኩ ስንት ጊዜ ኤሌክትሪክ አግኝቶ እንደተነሳ ይቆጥራል። ጠዋት 318 ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ቀኑን ሙሉ ማሽኑን አላጠፋሁም፤ መብራትም አልሄደም፣ ያ ራሱ ዜና ነው። ሆን ብዬ አሮጌውን እያስተኛሁ ቀሰቀስኩት። ኤስኤስዲው ሦስቴ ጠፋ፣ ሦስቴ በሪስታርት መለስኩት። ሪስታርት ኤሌክትሪኩን ስለማያቋርጥ ቁጥሩን ሊጨምር አይገባም። ማታ ሳየው 321 ነበር። ዲስኩ ከኮምፒውተሩ ጋር አልተጣላም፤ መብራት ነው የሄደበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለማሽኑ ኤሌክትሪክ ከሚያድለው ከፓወር ሳፕላዬ የሚወጡት፣ ለዲስክ ኃይል የሚሰጡት የሳታ ራሶች ሦስት ብቻ ናቸው። አንዱን የዊንዶው ኤስኤስዲ፣ አንዱን ዲቪዲው ይዘውታል፤ ሦስተኛውን እኔ በርካሽ ማከፋፈያ ገመድ ለሁለት ከፍዬ ለአሮጌው ሃርድ ዲስክና ለአዲሱ ኤስኤስዲ ሰጥቻለሁ። መጋጠሚያው ላላ ሲል አሮጌው በተነሳ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ኤስኤስዲው የሚኖርበት 5 ቮልት ለአፍታ ይጎድልበትና ይጠፋል። ማከፋፈያውን ነቅዬ ሳየው አንዱ ፒን ዙሪያ ፕላስቲኩ ጠቋቁሯል። ትንሽ ቢቆይ የሚጠፋው ዲስኩ ብቻ አይሆንም ነበር።

መፍትሔው ገንዘብ አልጠየቀም፤ ዲቪዲውን ነቅዬ የሱን ራስ ለኤስኤስዲው ሰጠሁት። ከሚያዝያ ወዲህ አንድ ጊዜም አልጠፋም፤ ተራ ቁጥር 12ም ማሽኑን ሳጠፋና መብራት ሲሄድ ብቻ ነው የሚጨምረው። የኔ ምክር፣ ዲስክ የሚጠፋባችሁ ካላችሁ ሻጩ ጋ ከመሮጣችሁ በፊት የ199ንና የ12ን ቁጥር ጽፋችሁ አስቀምጡና ከመጥፋቱ በኋላ እንደገና እዩ። የመጀመሪያው ከጨመረ ዳታ ገመዱን፣ ሁለተኛው ማሽኑ ሳይጠፋ ከጨመረ የኃይሉን መንገድ ፈትሹ። ሁለቱም ሳይጨምሩ ዲስኩ ከጠፋ ነው እኔም ዲስኩን ራሱን የምጠረጥረው።

ስለ ኤስኤስዲው ከተነሳ፣ እስካሁን 31 ቴራባይት ጽፌበታለሁ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋስትና 360 ነው። ጤናው 94 በመቶ ላይ ደርሷል። ዋናው ቅሬታዬ ሌላ ነው፦ 200 ጊጋባይት የካርድ ፋይል ስገለብጥበት መጀመሪያ ላይ ይበራል፣ ዳታውን ለጊዜው የሚቀበልበት ፈጣኑ መሸጋገሪያው ሲሞላ ግን በሰከንድ ወደ 80 ሜጋባይት ይወርዳል፤ ከአሮጌው ሃርድ ዲስክም ያንሳል። ሻጮች ይህን አይነግሯችሁም፣ ካርቶኑም አይጽፈውም። ለማንበብና ለማቀናበር ከ5 አምስት፣ ብዙ ለመጻፍ ግን ሦስት እሰጠዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሙሽራ አባት «እኔ በፍላሽ አላምንም፣ በዲቪዲ ስጠኝ» አሉኝ። የአሮጌውን ዲስክ ገመድ ለአንድ ሰዓት ለዲቪዲው አውሼ በርን አደረግኩላቸው። ኤስኤስዲውን አልነካሁትም።